መብራት ሲጠፋ የሚከፈቱ በሮች

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ አንድ ሠርግ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት "ምን ሥራ ላይ ነበሩ?" ብላ ጠየቀችኝ። "በር ላይ" አልኳት። ዘበኛ የነበርኩ መስሏት ደነገጠች። መጠየቋ ያሳፈረኝ መስሏት ይሁን አላውቅም፣ ከራሷ ሳህን ሥጋ አንስታ ጨመረችልኝ። እኔም ሥጋውን በላሁ እንጂ አላረምኳት። የሠላሳ ዓመት ሥራ በሠርግ ጫጫታ መሃል እንዴት ይብራራል?

ዘበኛ አልነበርኩም። ሥራዬ በኤሌክትሪክ የሚቆለፉና የሚከፈቱ በሮች መብራት ሲጠፋም ሥራቸውን እንዳያቆሙ ማድረግ ነበር። ኋላ አዲስ አበባ መጥቼ በካርድ የሚከፈቱትንም ሠርቻለሁ፤ ሲነኩ "ጢጥ" የሚሉትን። ሙያውን የተማርኩት ግን አሥመራ ነው፣ በደርግ ጊዜ። ስለዚያ ነው የምጽፈው።

አባቴ ከወሎ ሄዶ አሥመራ የተመደበ ፖሊስ ነበር። ያደግኩት እዳጋ ሓሙስ ሰፈር ነው፤ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ትግርኛ እያወራሁ። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ስመረቅ ከክፍላችን ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። የመንግሥት ሕንፃዎችን በሚጠግን አንድ መሥሪያ ቤት ተመደብኩ። የሴት ቱታ ስላልነበረ የወንድ ሰጡኝና እግሩን ሁለት ጊዜ አጥፌ ሰፋሁት። ደመወዙ አላጠገበኝም፣ አላስራበኝምም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት "እጅሽ ንጹሕ ነው፣ ጽሕፈትሽም ያምራል" ተብዬ ፋይል ስደረድር ከረምኩ።

ከፋይል ያወጡኝ አያ ወልዱ ናቸው። የባትሪና የበር ሠራተኛ ነበሩ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ በጣሊያኖች ሥር የሠሩ፣ ቀጭን፣ ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ሽቦ የሚልጡ ሰው። አንድ ቀን ቢሮ ገብተው ቆሙና "ጓለይ፣ በር ታውቂያለሽ?" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

"የምን በር?"

"ማንኛውንም በር። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን።"

አላውቅም አልኳቸው። "ጽቡቕ፣ ጥሩ ነው። የማያውቅ ነው የምፈልገው" አሉና ይዘውኝ ወጡ።

የወሰዱኝ ጣሊያኖች ወደ ሠሩት ባለ አራት ፎቅ አፓርታማ ነበር። እንግዳ ከታች ደውል ይጫናል፣ ባለቤቱ ከላይ ቁልፍ ሲጫን መዝጊያው "ዝዝዝ" ብሎ ይለቃል። አያ ወልዱ ምንም ሳያስረዱ ቆጣሪው ጋ ሄደው መብራቱን አጠፉ። "አሁን ክፈቺ" አሉኝ። ደወሉን ብጫን ዝም አለ። በሩን ብገፋ እንቢ አለ። "አየሽ፣ ይኼኛው መብራት ሲመጣ ነው የሚከፍተው። ከሌለ እንደተዘጋ ይቀራል። ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ፤ መብራቱ ራሱ ይዞ የሚዘጋው። ያ መብራት ሲጠፋ ለሁሉም ወለል ይላል። ሁለቱም ክፉ አይደሉም። ክፉው ሰው የትኛውን የት እንደሚያደርግ ሳያስብ ሲገጥም ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የትኛውም በር ፊት ስንቆም የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ "መብራቱ ሲጠፋ ይህ በር ማንን ያስገባል፣ ማንን ያስቀራል?" ስም እንድጠራ ይፈልጉ ነበር። "ሠራተኛውን" ብላቸው አይቀበሉም። "የትኛውን ሠራተኛ? ስሙ ማነው? ስንት ሰዓት ይገባል?"

ሌሎች ልማዶችም ነበሯቸው። ባትሪን በመለኪያ ብቻ አያምኑትም። የመኪና የፊት መብራት አምፖል ሽቦ ቀጥለው ኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ። አምፖሉን ባትሪው ላይ አንጠልጥለው ቁጭ ይላሉ፤ ሻሂያቸውን ቀስ ብለው ይጠጣሉ፣ ዓይናቸው ከአምፖሉ አይነሳም። "ባትሪ ሥራ ሳይሰጡት ሲጠይቁት ሁልጊዜ ደህና ነኝ ይላል። ሥራ ስጪውና ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠይቂው።" የባትሪ ውሃ በወይን ጠርሙስ ይይዙ ነበር፤ የማያውቅ ሰው ያያቸው እንደሆነ በሥራ ሰዓት ይጠጣሉ ይላል። ሥራ ሲጨርሱ ደግሞ የበሩን የኤሌክትሪክ ሳጥን ክዳን ከውስጥ በኩል ገልብጠው በእርሳስ የሠሩትን ይጽፋሉ። ቸኩዬ "ፒያኖ ፒያኖ፣ ጓለይ"፣ ቀስ በይ፣ ያላሉኝ ቀን አልነበረም።

እንዲህ ስንሠራ ዓመታት ሄዱ። አለቆች ተቀያየሩ። አንዱ ስብሰባ ይወዱ ነበር፣ አንዱ ስብሰባ ይፈሩ ነበር። ሦስተኛው ሻምበል አስራት የሚባሉ፣ ከጦሩ ወደ አስተዳደር የተዛወሩ ሰው ናቸው። ክፉ አልነበሩም። ከላይ ስልክ ሲደወል ግን ከወንበራቸው ተነሥተው ነበር የሚያነጋግሩት።

የምፅዋ መንገድ ተዘግቶ ከተማው ናፍታ ሲያጥረው መብራት በየሰፈሩ በተራ መሆን ጀመረ። በዚያው ሰሞን ከአንድ ሆስፒታል መድኃኒት ጠፋ ተባለ። ሻምበል ጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ የብረት ሳጥን ነበር፤ ለሌላ መሥሪያ ቤት መጥቶ መጋዘን የቀረ የኤሌክትሪክ ቁልፍ። ከውጭ በኩል ቁጥሮች አሉት፤ አራቱን በትክክል የተጫነ ይገባል።

"በሆስፒታሉ መድኃኒት ክፍል በር ላይ በአሥር ቀን ይገጠማል። ከበላይ አካል እንግዶች መጥተው ያዩታል" አሉኝ። "አሮጌው የቁልፍ ቀዳዳ ይደፈናል። ቁልፍ ይቀረጻል፣ ቁጥር አይቀረጽም።"

አያ ወልዱ ያን ጊዜ እህታቸው ሞተውባቸው ደቀምሓረ ለቅሶ ላይ ነበሩ። ብቻዬን ነበርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ደስም ብሎኛል። ሥራው የእኔ ሊባል ነው። ሁለት የጭነት መኪና ባትሪዎች አስመጣሁ፤ መለካኋቸው፣ ሙሉ ናቸው። ሌባ ሽቦ እንዳይነካ ብዬ ባትሪውንም፣ ቻርጀሩንም፣ ሽቦውንም ሁሉ ከመድኃኒት ክፍሉ ውስጥ አደረግኩ። የቁልፍ ቀዳዳውን በብረት አስበየድኩት። አምፖሉን ለማንጠልጠል ግን ጊዜ አልነበረም፤ እንግዶቹ በማግስቱ ይመጣሉ። መብራቱን ለሩብ ሰዓት አጥፍቼ በሩን አምስት ጊዜ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ሠራ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። እኔም ፈረምኩ።

ሦስት ሳምንት አልሞላውም። አንድ ጠዋት የሆስፒታሉ ዘበኛ አቦይ ገብሩ በብስክሌት እያለከለኩ ወርክሾፑ ደረሱ። ሽማግሌ ናቸው፤ ትንፋሻቸው ተቆራርጧል።

"የሺ፣ ነይ። በሩ እንቢ ብሏል።"

"መብራት ጠፍቷል?"

"ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ። ማታ ይከፍት ነበር። አሁን ዝም ብሏል። የተቃጠለ ሰው አለ።"

መሣሪያዬን ይዤ በብስክሌታቸው በረርኩ። የተቃጠለው ተክለ የሚባል የዳቦ ቤት ሠራተኛ ነው፤ እቶኑ ሲለኮስ እሳቱ ወጥቶ ክንዱንና ደረቱን በላው። አዲሱ ቁልፍ ከተገጠመ ጀምሮ የማስታገሻ መርፌ በአዲሱ ደንብ መሠረት ከዚያ ክፍል ውጭ አንድም አይቀመጥም ነበር። የመድኃኒቱ ኃላፊ ሲስተር ለተብርሃን ቁጥሮቹን እየተጫነች አገኘኋት። ጣቷ ቀልቷል።

"ስንቴ ተጫንኩት መሰለሽ!" አለችኝ።

ባትሪ ይዤ መምጣት እችል ነበር። ግን ባትሪ የምቀጥልበት ሽቦ ሁሉ ውስጥ ነው፤ እኔው ነኝ ውስጥ ያደረግኩት። የሆስፒታሉ ጀነሬተር ናፍታ ካለቀበት ሳምንት ሆኖታል። የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያዬ ያለ መብራት ምን ይሠራል? ግድግዳው የጣሊያን ድንጋይ ነው፣ ክንድ ተኩል። የቀረኝ የእጅ መሰርሰሪያ ብቻ ነበር፤ በሆድ ተደግፎ በእጅ የሚዞረው። ራሴ ባስበየድኩት ብረት ላይ ጫፉን ደግኜ ማዞር ጀመርኩ።

ተክለ ከኮሪደሩ ማዶ ነበር። ጩኸቱን መግለጽ አልፈልግም። በየመሃሉ እናቱን ይጠራ ነበር፤ ከዚያ ዝም ይላል፤ ዝም ማለቱ ይብስ ነበር። ሁለት ጫፍ ሰበርኩ። ሦስተኛው እስኪገባ እጄ ውኃ ቋጠረ፣ ፈነዳ። በእግር ተከትለውኝ የደረሱት አቦይ ገብሩ "ልተካሽ" ቢሉኝ እንቢ አልኳቸው። ተንበርክከው መሰርሰሪያውን በዘይት ሲያርሱልኝ ቆዩ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀብን። በሩ ሲለቅ ሲስተር ለተብርሃን ትከሻዬን ረግጣ ነው የገባችው ማለት ይቻላል።

እኔ ደግሞ ባትሪዎቹ ጋ ሄጄ ቆምኩ። መብራት ወዳለበት ወስጄ ሞላኋቸው፤ በመለኪያ ደህና ናቸው። ማታ ቤቴ ልሄድ ስል ግን አያ ወልዱ ለቅሶ ሲሄዱ መሳቢያቸው ውስጥ የተዉትን አምፖል አውጥቼ አንጠለጠልኩባቸው። ሻሂ እስኪቀዳ እንኳ አልቆየም፤ ቀላ፣ ደበዘዘ፣ ጠፋ። ያረጁ ባትሪዎች ነበሩ።

በማግስቱ ሻምበል አስራት ጠሩኝ። በሩን ዘጉ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ነገሩ ወደ ላይ ሄዷል" አሉ። "አሻጥር ነው እየተባለ ነው። እንግዶች ያጨበጨቡለት ሥራ በሦስት ሳምንት እንዴት ይበላሻል ይላሉ። ዘበኛው ቻርጀሩን ነቅሎት ነበር፤ እንዲህ ብለሽ ጻፊ።"

"አቦይ ገብሩ ክፍሉን አይከፍቱም። ቁጥሩን አያውቁም።"

"ማን ይህን ይመረምራል?"

"ያስሯቸዋል፣ ሻምበል።"

"አንቺንስ? እኔንስ?" አሉ። "ልጆች አሉኝ። እስከ ሐሙስ ጻፊ።"

አሻጥር የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደነበር የኖረበት ያውቃል። ሁለት ቀን አልበላሁም ማለት ይቻላል። አባቴን ብጠይቀው ፊቱ ተለዋወጠና "ልጄ፣ እኔ ምን ልበልሽ" ብሎ ወጣ። እኔም ፈርቼ ነበር። ለአቦይ ገብሩ ብዬ ልታሠር ወይ? ሽማግሌ ናቸው፣ ምን ያደርጓቸዋል፣ ይለቋቸዋል እያልኩ ራሴን ሳባብል ነበር።

ረቡዕ አያ ወልዱ ከደቀምሓረ ተመለሱ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ኮታቸውን እንደለበሱ "ነይ" አሉኝና በእግር ወደ አንድ አሮጌ ቢሮ ወሰዱኝ። የበሩን የኤሌክትሪክ ሳጥን ከፍተው ክዳኑን ገለበጡልኝ። በእርሳስ፣ በትግርኛ፣ የደበዘዘ ጽሑፍ ነበር፦ ሽቦ ገልብጬ ቀጥዬ ነበር፤ በሩ ሰው ላይ ተዘግቶ አድሯል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አስተካክያለሁ፤ ወልዱ።

"ማን እንዲያነበው ነው?" አልኳቸው።

"ከእኔ በኋላ የሚከፍተው። ጥፋቱ የት እንደነበረ ካልጻፍኩለት ጤነኛውን ቦታ ሲፈታ ይውላል።"

ወደ ወርክሾፕ ስንመለስ ስለ እህታቸው ልጆች ነው ያወሩኝ።

ሐሙስ ጠዋት ጻፍኩ። ባትሪዎቹን በሥራ ሳልፈትን ተቀብያለሁ፤ ባትሪውንና ሽቦውን ከውስጥ ማድረጌ ስህተት ነበር፤ የቁልፉ ቀዳዳ መደፈኑን መቃወም ሲገባኝ አልተቃወምኩም፤ ዘበኛው በሩን በማስከፈት ረድተውኛል እንጂ ጥፋት የለባቸውም። "በትእዛዝ" የሚለውን ቃል ጽፌ ሰረዝኩት። ትእዛዝ ቢሆንም በያጁን የጠራሁት እኔ ነኝ።

ሻምበል ሁለት ጊዜ አነበቡት። ቀድደው እንደሚጥሉት ጠብቄ ነበር። እስክሪብቷቸውን አንሥተው ከፊርማዬ ሥር "አይቻለሁ፣ ትክክል ነው" ብለው ፈረሙ። ያን ቀን ስላደረጉት እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ።

ሦስት ቀን እየጠሩ ጠየቁኝ። ማን እንዳዘዘኝ፣ ከማን ጋር እንደምገናኝ፣ ለምን ትግርኛ እንደምችል። በመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የአንድ ወር ደመወዝ ቅጣት ሆነ፣ ከገጠማ ሥራም ወርጄ ባትሪ ተቆጣጣሪ ተባልኩ። አቦይ ገብሩ በሥራቸው ቀጠሉ። ስለ ደብዳቤው ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ አንድ ቀን ከአጥር ሥር የበቀለ ቃሪያ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝና ወሬ ሳይጨምሩ ወደ በራቸው ተመለሱ።

ተክለን ለማየት የደፈርኩት ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ነው። አልጋው ላይ በፋሻ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። "በሩን የገጠምኩት እኔ ነኝ" አልኩት። አየኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ኪዲ" አለኝ፤ ሂጂ ማለቱ ነው። ሄድኩ።

በሳምንቱ ተመለስኩ። አሁን አላባረረኝም።

"ያ ድምፅ፣ ሲፈጭ የነበረው፣ ያንቺ ነው?"

"አዎ።"

"እስኪቆም ነበር የምፈራው" አለ። "ሲቆም፣ ትተውት ሄዱ እል ነበር።"

"ጫፉ ሲሰበር ነው የቆመው። ስቀይር።"

"እኔ በምን ልወቅ?" አለ ተቆጥቶ። ከዚያ ደግሞ፣ "አሁንስ? በሩ?"

"አሁን የቁልፍ ቀዳዳ አለው። ባትሪውም ውጭ ነው።"

"ቁልፉ ማን ጋ ነው?"

"አንዱ ሲስተር ለተብርሃን ጋ፣ አንዱ በታሸገ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ዘበኛው ጋ።"

"ገብሩ ጋ?"

"አቦይ ገብሩ ጋ።"

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ከሆስፒታል ሲወጣ ግራ ክንዱ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም ነበር። ዓባ ሻውል ሰፈር ቤቱ ድረስ ሄጄ ጠይቄዋለሁ፤ እናቱ ሻሂ አፍልታ ሰጠችኝ፣ እሱ ስለ ዱቄት እጥረት አወራኝ።

ቅጣት ብለው የሰጡኝ ሥራ ግን የሕይወቴ ምርጡ ሥራ ሆነ። መብራት በየሰፈሩ በተራ ስለሚመጣ ባትሪዎቹ መብራት ያለበት መሄድ ነበረባቸው። አያ ወልዱ ቤታቸው ፓራዲዞ የሚባል ሰፈር ነው። እዚያ መብራት ሲመጣ ግቢያቸው በባትሪ ይሞላል፤ ባለቤታቸው "ልብስ የማሰጣበት ቦታ አጣሁ" እያሉ ያማርራሉ። እዳጋ ሓሙስ ሲመጣ የእኛ ግቢ ተራው ነው። በፈረስ ጋሪ ነበር የምናመላልሳቸው፤ ፈረሱ የአሲድ ሽታ ስለማይወድ ባትሪዎቹን በእርጥብ የማዳበሪያ ከረጢት እንሸፍናቸው ነበር። እያንዳንዱን ባትሪ ቁጥር ሰጠሁት፤ በየሳምንቱ አምፖል አንጠልጥዬ ስንት ሰዓት እንደቆየ በደብተር ጻፍኩ። አምስት ሰዓት ያልቆየ በር አይጠብቅም፤ ለሬዲዮ ይሰጣል። በየሕንፃው በር ላይ ማን ቁልፍ እንደያዘ በስም ጻፍኩ። ሻምበል ወደ መሃል አገር ሲዛወሩ ተተኪያቸው ደብተሩን አገላብጠው "ይህ ሁሉ ለበር ነው?" አሉኝ። "ለበር ነው" አልኳቸው።

የአሥመራ የመጨረሻ ክረምቴ ላይ ወደ ሆስፒታሉ የሚሄደው መስመር ተበላሽቶ ዘጠኝ ቀን ሙሉ መብራት አልነበረም። በየሁለት ቀኑ አያ ወልዱና እኔ ከፓራዲዞ የተሞላ ባትሪ አምጥተን የደከመውን ወሰድን። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሥራዬን ጨርሼ ከመድኃኒት ክፍሉ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። እግሬ ደክሞኝ ነበር።

ሲስተር ለተብርሃን በአንድ እጇ የፋሻ ካርቶን አቅፋ፣ በሌላው ወረቀት ይዛ፣ ከሌላ ነርስ ጋር ስለ ልጇ ትምህርት ቤት እያወራች መጣች። ወሬዋን ሳታቋርጥ በአውራ ጣቷ አራቱን ቁጥሮች ተጫነች። መዝጊያው "ጠቅ" አለ። በሩን በክርኗ ገፋ አድርጋ ገባች፣ ካርቶኑን አስቀምጣ ወጣች። ሊያልፉ ሲሉ እኔን አየችኝ።

"ከመይ ሓዲርኪ፣ የሺ። ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? የተበላሸ ነገር አለ?"

"የለም" አልኳት።

"እና?"

"ተቀምጬ ነው።"

ሳቀችብኝና ስለ ልጇ ትምህርት ቤት ያቋረጠችውን ቀጠለች። እኔም ትንሽ ቆይቼ ተነሣሁ፣ ዳቦ ገዝቼ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ።